ደረቱ ላይ የቆመው ሹራብ

ኦርፌሊናን አንድ ሥራ ብቻ ይዛ አየኋት የሚል ሰው በመንደራችን ካለ ይውጣና ይናገር፤ ውሸታም መሆኑን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ይቺ ሴት ካልሲውን ሳትጨርስ ኮፍያ ትጀምራለች፤ ኮፍያው ግማሽ ሲደርስ የአልጋ ልብስ ትዝ ይላታል፤ የአልጋ ልብሱ ጭኗ ላይ እያለ ጎረቤት መጥታ "ለልጄ ጓንት" ካለቻት "እሺ፣ ምን አለበት" ብላ አዲስ ክር ትመዛለች። እምቢ ማለት አታውቅም፤ መቀመጥም አታውቅም። በጎቿን ስትመልስም፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ቆማ ሐሜት ስትሰማም እጇ ይሠራል። ባሏ ቤላርሚኖ "ሚስቴ ስትሞት ሳጥኑ ውስጥ መርፌዎቿን ጨምሩላት፤ አለዚያ ልትወስዳቸው ተነሥታ ትመጣለች" እያለ በሰው ፊት ያበሽቃታል። እሷም "አንተን ሳልቀብር የምሞት መስሎሃል?" ትለዋለች።

ከዚያ ሁሉ ሥራ መሀል ግን የማትነካው አንድ ነበር። ከአልጋው ሥር፣ በሣር ቅርጫት ውስጥ፣ ጥቁር ቡናማ የወንድ ሹራብ። ከታች ከወገቡ ተጀምሮ ደረቱ ድረስ ተሠርቷል፤ እዚያ ላይ ቆሟል። ወፍራሞቹ መርፌዎች እንደተሰኩበት፣ የቀረው የክር ልቃቂትም እንደተያያዘ፣ ለዓመታት እዚያው ተቀምጧል። እንዴት እንደ ቀረ ልንገራችሁ።

ኤርሚንዳ የኦርፌሊናን ልጅ ክርስትና ያነሳች አበልጇ ናት። አንድ እናት ቢወልዳቸው እንኳ እንደዚያ አይዋደዱም ነበር። የኤርሚንዳ ባል ክሎዶሚሮ ክረምት ከበጋ ባሕር ላይ የሚውል ሰው ነበርና፣ ኤርሚንዳ የጥቁር በጎቿን ጠጉር ሸልታ፣ ራሷ ፈትላ፣ ልቃቂቶቹን በከረጢት ተሸክማ መጣች። "አበልጄ፣ እሱን የሚያሞቀው ያንቺ እጅ ነው። ብርዱ ሳይገባ አድርሺልኝ" አለች። ኦርፌሊናም "በቅርብ ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል" አለች። እውነቷን ነው፣ ጀመረችው። ከዚያ የሙሽራ አልጋ ልብስ መጣ፤ ከዚያ የቄሱ ካልሲ፤ ከዚያ የገበያ ጓንቶች። ብርዱ ገባ። ክሎዶሚሮን ሳል ያዘው። ሹራቡ ደረት ላይ ሲደርስ የሰውዬው ሳንባ ከዳው፣ ሞተ።

ሹራብ ከሳንባ በሽታ አያድንም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ኤርሚንዳም ታውቃለች። ሐዘን ግን እንዲህ አመዛዝኖ አይናገርም። በቀብሩ ቀን ሕዝብ እየሰማ "ባሌ የሱቅ ሹራብ ለብሶ አፈር ገባ። እግዜር ይስጥሽ፣ አበልጄ" አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ሰላም አልተባባሉም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ አጥር ታያለች፣ አንዷ ሰማይ ታያለች።

እንግዲህ ባሕሩ ባይጋፋ ኖሮ እንደተኮራረፉ ያረጁ ነበር። ባሕሩ ግን ተጋፋ። የኦርፌሊና ቤት ዳርቻው ላይ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው፤ ማዕበሉ በየክረምቱ አፈሩን እየላሰ ሄዶ ሄዶ ምሰሶዎቹ ሥር ደረሰ። ንፋስ ሲነሣ አልጋው ይንቀጠቀጥ ጀመር። "በቃ፣ ወደ ላይ እንውጣ" አለ ቤላርሚኖ። ኮረብታው ላይ ከአባቱ የወረሰው መሬት አለው። እኛ ቺሎዌ ደሴት የምንኖር ሰዎች ቤት ስንቀይር ቤታችንን ትተን አንሄድም፤ ይዘነው እንሄዳለን። ከሥሩ ግንድ ይጋደማል፣ በሬ ይጠመዳል፣ መንደር በደቦ ይጠራል፣ ቤቱ ከነጣሪያው ከነግድግዳው ተጎትቶ አዲሱ ቦታ ያርፋል።

ሁሉም መልካም፤ ችግሩ የቤላርሚኖ መሬት ከኤርሚንዳ መሬት ጋር አጥር ለአጥር መሆኑ ነው። ወደዚያ የሚያወጣውም መንገድ አንድ ነው፣ እሱም የኤርሚንዳን መስክ ያቋርጣል። ያንን ዳገት የሚደፍር ጥማድ ደግሞ፣ መቼም ዕድል ነው፣ ያለው ኤርሚንዳ ጋ ነው።

ደቦ የሚጠራ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ፣ ባርኔጣውን አውልቆ መለመን አለበት፤ ወጉ ነው። ቤላርሚኖ ዞረ። ሁሉም እሺ አለው። ኤርሚንዳም ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ አፍልታ አጠጣችው፣ የድንች ቂጣ አቀረበችለት፣ ልመናውን እስከ መጨረሻ ሰማችው። ከዚያ "መንገዱንም በሬዎቹንም አልከለክልህም፣ ቤላርሚኖ" አለችው፤ "ግን የቤቱ እመቤት እግር የላትም እንዴ?"

ኦርፌሊና ይህን ስትሰማ የያዘችው ካልሲ ከእጇ ወደቀ። "አልሄድም! ሞቼ ነው የምሄደው!" አለች። በማግስቱ ጠዋት ሄደች። መንገዱን ሁሉ ካልሲውን እየሠራች ነው የወጣችው፤ እጇ ባዶ ቢሆን ኖሮ ከመንገድ ትመለስ ነበር።

ኤርሚንዳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ግቢ አላለቻትም።

"በእግርሽም በእጅሽም ትሮጫለሽ። አሁንም አልተሻለሽም?" አለቻት።

"አበልጄ፣ ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ባሕሩ ቤቴን ሊወስደው ነው።"

"ሰምቻለሁ። በሬዎቼ ይመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ።"

"ምን?"

"ቤትሽ በመስኬ ሲያልፍ የክሎዶሚሮን ሹራብ ማየት እፈልጋለሁ። አልቆ።"

"አበልጄ..."

"አልቆ ነው ያልኩሽ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ሁኚ። ካላለቀም ቃሌ ቃል ነው፣ በሬዎቼ ቤትሽን ይጎትታሉ፤ እኔ ግን በዚህ አጥር ዕድሜ ልኬን ቀና ብዬ አላይሽም።"

ኦርፌሊና ካልሲውን እየሠራች ቁልቁለቱን ወረደች። ባሕሩን እንደሆን ለምዳዋለች። ይህን ያህል ዘመን ያኮረፈች ሴት በየጠዋቱ አጥር ላይ ማየት ግን፣ እንጨት ልታመጣ በወጣች ቁጥር ያንን ጀርባ ማየት፣ እሱን የምትችለው አልመሰላትም። አበልጇን ትወዳታለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ታዲያ ገብታ ሹራቡን ትጨርሳለቻ! አይ ኦርፌሊና! ገብታ ቅርጫቱን ከአልጋው ሥር አወጣች፣ አንድ መስመር ሠራች፣ አስቀመጠችና ለጎታቾቹ ካልሲ ጀመረች። ሰው በነፃ ሲሠራላት እግሩ ሊርስ ነው እንዴ? ከዚያ ደቦውን የሚመራው፣ በሬዎቹንም ሰዎቹንም በጩኸት የሚያዝዘው ኡባልዶ፣ "ለኔ ደግሞ ኮፍያ" አለ፤ እሺ። ከዚያ ሩቅ፣ ፑንታ አሬናስ ከተማ ያለችው ልጇ መፀነሷን በራዲዮ መልእክት አስነገረች፤ በዚያው ቀን የሕፃን መጠቅለያ ተጀመረ። ቤቱ ደግሞ ይታሸጋል፣ ዕቃው ይወርዳል፣ ድንቹ ይለቀማል። ልቃቂት በድስት ውስጥ፣ መርፌ በዱቄት ውስጥ። ቤላርሚኖ ጫማውን ሲያደርግ ግማሽ ጓንት ከውስጡ አወጣ።

"ይኼ ምንድን ነው? እግሬ ጣት በጣት ሊለብስ ነው?"

"ስፈልገው የነበረው! አምጣው!"

"አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ሹራብ ለምን አትጨርሺውም? ቁጭ ብትይ የሚያልቅ ነገር ነው።"

ኦርፌሊና ጓንቱን እያገላበጠች "ደረቱ ጋ ስደርስ ሳሉን እሰማዋለሁ" አለች። "አንተ ትስቃለህ፤ እኔ ግን እሰማዋለሁ። መርፌውን በሰካሁ ቁጥር እዚያ ኤርሚንዳ ጓዳ ውስጥ ተኝቶ ይስላል። እጄ ይሸሻል፣ ቤላርሚኖ። እኔ አይደለሁም የምሸሸው፣ እጄ ነው።"

ቤላርሚኖ አልሳቀም። "እንግዲያው እውነቱን ንገሪያት" አለ።

"ምን ብዬ? ባልሽ በስንፍናዬ በርዶት ሞተ ብዬ?" አለችና የሕፃኑን መጠቅለያ አነሣች።

እንዲህ እያለች፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ የደቦው ቀን ደረሰ። ሹራቡ ካለበት ጥቂት መስመር ብቻ ነበር የወጣው፤ አንገት የለው፣ እጅጌ የለው። ማለዳ ሰዉ ከየአቅጣጫው መጣ። መስኮቶቹ ተነቀሉ፣ በሩ ወለቀ፣ ምድጃው ወጣ። ቤቱ እንዳይጣመም በውስጡ እንጨት በመስቀል ተወጠረ፤ ሰንሰለት እንዲያልፍ ደግሞ የወለሉ ሳንቃ እዚህም እዚያም ተነሥቶ ቀዳዳ ሆነ። ሴቶቹ ኮረብታው ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ለደቦው ድግስ፣ ለኩራንቶው፣ ድንጋይ ማጋል ጀመሩ፤ ከድካም በኋላ የሚበላው የባሕር ዛጎሉም ሥጋውም ድንቹም እዚያው ታፍኖ ይበስላል።

ኦርፌሊና ከዚህ ወደዚያ ትሯሯጣለች። ካልሲዎቹን አከፋፈለች፤ ለአንዱ ሁለት የግራ እግር ደረሰው፣ አመሰገናት። ያኔ ኡባልዶ ባዶ ራሱን መጣ።

"እትዬ ኦርፌሊና፣ ኮፍያዬስ? ጆሮዬ ካልሞቀ ድምፄ አይወጣም፤ ድምፄ ካልወጣ በሬው ወደ ባሕር ነው የሚሄደው!"

"ደረሰ ደረሰ፣ አናቱ ብቻ ነው የቀረው!"

አናቱ ቀርቷል፣ መርፌው ግን የለም። ወፍራሞቹ ሁለት ጥንድ ናቸው፤ አንደኛውን ጥንድ ሰዎቹ ዕቃ ሲያወርዱ ረግጠው ሰብረውታል። ሁለተኛው ያለው ሹራቡ ላይ ነው። ሹራብ የምትሠራ ሴት ሁሉ እዚህ ጋ ምን እንዳደረገች ታውቃለች፤ እኛ ሁላችንም አድርገነዋል። ባዶው ቤት ውስጥ ገባች፣ ጥግ ካለው ቅርጫት ሹራቡን አወጣች፣ መርፌዎቹን ሳብ አድርጋ አወለቀች። ቀለበቶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "ለአፍታ ነው፣ አሁን እመልስላችኋለሁ" አለቻቸው፣ እንደ ሰው። ቅርጫቱን እዚያው አስቀምጣ ወጣች። ልቃቂቱ ቀስ ብሎ ተንከባሎ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች፣ ምሰሶውና ድንጋዩ መሀል ሲወድቅ ማንም አላየም።

ኮፍያውን ቆማ ጨረሰችው። ኡባልዶ አጠለቀው፣ ጆሮውን ሸፈነ፣ ሰው አጨበጨበ። ያኔ ኤርሚንዳ በሬዎቿን እየነዳች መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ሹራቡስ?" አለች።

"ውስጥ ነው" አለች ኦርፌሊና። ውሸት አይደለም።

"ላይ ስንደርስ አየዋለሁ" ብላ ቀንበሩን ልታስተካክል ዞረች።

ኦርፌሊና እጇ ላይ ያሉትን መርፌዎች አየች፣ ቀለበቶቹ ትዝ አሏት፣ ወደ ቤቱ ሮጠች። ኡባልዶ ግን "ተመለሺ! ሰንሰለቱ ተወጥሯል! ገደልሽኝ ሴትዮ!" ብሎ ጮኸ። ቤላርሚኖ ወገቧን ይዞ አስቀራት። "በአንድ!" አለ ኡባልዶ፣ ሰዉም "ሆ!" አለ፣ በሬዎቹ አንገታቸውን ደፉ፣ ቤቱ አቃሰተና ተንቀሳቀሰ።

የሚሄድ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የተጋባበት፣ ልጅ የተወለደበት ቤት ጭቃውን እየገፋ ዳገት ሲወጣ ማየት፣ ያስቃልም ያስለቅሳልም። ሽማግሌዎች ባርኔጣ አወለቁ፣ ልጆች ከፊት ከፊት ሮጡ። ኦርፌሊና ብቻ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ እየተሽሎከሎከች ባዶውን መስኮት ታያለች፤ ሁለቱን መርፌዎች ደረቷ ላይ ጨብጣ "ወይኔ፣ ወይኔ" ትላለች። ሰዉ ቤቷ የሚፈርስባት መስሏት ነው አለ። ቤቱን ማን አሰበው!

የኤርሚንዳ መስክ መግቢያ ላይ ግንዱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ኡባልዶ እስኪያልበው ጮኸ፤ ወይ ፍንክች። ኤርሚንዳ በሬዎቿን ከሌሎቹ ጥማዶች ኋላ ፈትታ አምጥታ ከሁሉ ፊት ጠመደቻቸው። አለንጋ አላነሣችም፤ በጆሯቸው የሆነ ነገር አለቻቸው። ቤቱ ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ እስከ አናቱ ድረስ አልቆመም።

ጩኸት፣ እልልታ፣ የፖም ጠላ በጣሳ። ኤርሚንዳ ከቀንበሩ ሥር ቀና ስትል ጫማዋ ላይ የተጠመጠመ ነገር አየች። ጎንበስ ብላ በጣቶቿ ያዘችው። ክር ነው። ጥቁር ቡናማ። የራሷን በግ ጠጉር፣ የገዛ እጇን ፈትል የማታውቅ ሴት እኛ ዘንድ የለችም። በዓይኗ ተከተለችው፤ ክሩ ከቤቱ ሥር ወጥቶ፣ በመስኩ ጭቃ ላይ፣ እሾሃማው ቁጥቋጦ ላይ እየተንጠለጠለ፣ እዚህ ተበጥሶ እዚያ ተጠላልፎ፣ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። አጠገቧ ያለው ሰው ጣሳውን አስቀመጠ። ሌሎቹም ክሩን ሊያዩ ተጠጉ።

ኦርፌሊና በባዶው በር ገብታ ወጣች። በእጇ የያዘችው የሹራቡን ጠርዝ ነው፣ ከወገቡ በታች ያለችውን ጥብቅ ጠርዝ። ሌላው ቤቱ ሲጎተት ተተርትሮ አልቆ፣ ከክሎዶሚሮ ሹራብ የተረፈው ያ ብቻ ነበር።

"አልጨረስኩትም" አለች። "ልጨርሰው አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት ለኡባልዶ ኮፍያ መርፌውን ወሰድኩበት። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስደቢኝ፣ አበልጄ። ክሎዶሚሮን አበረድኩት። ያኔም አውቃለሁ፣ አሁንም አውቃለሁ።"

ኡባልዶ ኮፍያውን ቀስ ብሎ አወለቀ። ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ።

ኤርሚንዳ አልተሳደበችም። የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቷ ላይ ጠቅልላ ማጠንጠን ጀመረች። እያጠነጠነች ቁልቁል መሄድ ጀመረች። ጥቂት ሄዳ ዞረችና "ምን ቆመሽ ታያለሽ? ከእሾሁ ላይ ማን ያላቅቅልኝ?" አለች።

ወረዱ። ካፊያው ጀምሯል። አንዷ ታላቅቃለች፣ ትቋጥራለች፤ አንዷ ታጠነጥናለች። ሰው ከላይ ሆኖ ያያል፣ ኩራንቶውን የከፈተ የለም። የመስኩ መግቢያ ጋ ሲደርሱ ኦርፌሊና "ጭቃውን አጥቤ፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ልክ በእሱ ልክ..." አለች።

"ለምን?" አለች ኤርሚንዳ።

"ለቃሌ። ለእሱ።"

ኤርሚንዳ ቆመች። "እሱ አሁን አይበርደውም፣ ኦርፌሊና። የሚበርደኝ እኔ ነኝ። ስንት ክረምት እዚያ ቤት ብቻዬን ስቀመጥ፣ ለመንደሩ ሁሉ ካልሲ ስትሠሪ፣ አንዴ እንኳ መጥተሽ ይበርድሻል ወይ አላልሽኝም።"

ኦርፌሊና ያኔ ነው ያለቀሰችው። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ጨምራ፣ እንደ ልጅ፣ አፍንጫዋን በያዘችው ጠርዝ እየጠረገች አለቀሰች። "የክሎዶሚሮን ሹራብ መሐረብ አደረግሽው እንዴ?" አለች ኤርሚንዳ፣ እሷም ዓይኗ ሞልቶ።

ልቃቂቱን ከአሮጌው ምሰሶ ሥር፣ ድንጋይ መሀል ተሰክቶ አገኙት። ኦርፌሊና ከክሩ አንድ ክንድ መዘዘችና ልክ ልትወስድ በኤርሚንዳ ደረት ዙሪያ አሳለፈችው። ለመለካት ማቀፍ ግድ ነው። አቀፈቻት። ክሩ ወደቀ፣ እነሱ ግን እንደተቃቀፉ ቆዩ።

"ስሚኝ" አለች ኤርሚንዳ በጆሮዋ፤ "ይኼን ደግሞ ደረት ላይ ብታቆሚው፣ በሬዎቼን ጠምጄ ቤትሽን እዚሁ ባሕር ውስጥ ነው የምመልሰው።"

ኩራንቶው ተበልቶ ሰው ሲበታተን ኦርፌሊና አበልጇን አጥሩ ድረስ ሸኘቻት። በክንዷ ትልቅ ቅርጫት ይዛ ነበር፤ የሕፃኑ መጠቅለያ ግማሽ፣ ጓንቱ፣ የተረፉት ካልሲዎች፣ ቀጫጭን መርፌዎቿ ሁሉ።

"ይኼን ውሰጂልኝ። እየመጣሁ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ" አለች።

"የልጅ ልጅሽ ራቁቱን ቢወለድስ?"

"የመውለጃዋ ቀን ሩቅ ነው። ያንቺ ክረምት ነው የቀረበው።"

ኤርሚንዳ ቅርጫቱን ይዛ ሄደች። ኦርፌሊና በር በሌለው ቤቷ፣ ትንሽ ዘመም ባለው ወለል ላይ፣ ወፍራሞቹን መርፌዎችና የታጠበውን ጥቁር ቡናማ ክር ይዛ ተቀመጠች። እጇ ወደ ሌላ ሥራ ሊሸሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ የሚሸሽበት አልነበረውም። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም እንዲሁ። እኔ በመንገዱ ሳልፍ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ አንድ ሥራ ብቻ ይዛ፣ ደረቱን አልፋ። ውሸታም በሉኝ።